በረካውን ለእንግዳ

አሪቻ ሄጄ ሦስተኛውን ሲኒ እንቢ የምልበት አንጀት የለኝም። "በረካ ሳትጠጣ የት ልትሄድ?" ይሉኛላ!

ግን ልንገራችሁ። በ1983 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ተመራማሪዎች ከትሮምሶ ባወጡት ጥናት፣ ቡና የሚያበዙ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ኋላ እንደታወቀው ጥፋቱ የካፌይን አይደለም፤ ካፌስቶል የሚባለው የቡናው ቅባት ነው። ያኔ እነሱም እንደኛ አፍልተው ይጠጡ ነበር። ማጣሪያ ወረቀት ቅባቱን ያስቀረዋል፣ ጀበናችን ግን አያስቀረውም። የአሪቻ ቡና ባሕር ተሻግሮ በወረቀት ተጣርቶ ይጠጣል፤ እኛ ሰፈር በቀን ሦስቴ ከነቅባቱ።

ጀበና ስበሩ አላልኩም (እናቴ ትሰማኛለች)። እንደኔ እንደኔ የሚረጋው ዘይትና ቅቤው ይብሳል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ መጥፎው ኮሌስትሮል በደም ሥር ግድግዳ ላይ ሲከማች አያምም፣ አያስልም። የአጎቴ የመጀመሪያ ምልክት ስትሮክ ነበር። ቡናው ነው ልል አልችልም፤ ግን አንዴም ተመርምሮ አያውቅም። ስልካችን ላይ ስንት ሰዓት እናጠፋለን፣ ለአንድ የደም ምርመራ ግን ጊዜ የለንም!

ባለፈው ወር ዲላ ወርጄ ተመረመርኩ። ከፍ ብሏል። አሁን ቤት ውስጥ አንድ ሲኒ ብቻ ነው የምጠጣው።