ከፊርማው በኋላ ያለው ደኅንነት፦ የነርሶች መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣንና የሚኒሶታ ቀሪ ሥራ

የሚኒሶታ ምክር ቤት በ2014 ያጸደቀውና ገዢው ማርክ ዴይተን የፈረሙበት ሕግ፣ ከፍተኛ ሥልጠና ያላቸው ነርሶች ከሐኪም ጋር የጽሑፍ ስምምነት መያዝ ሳይጠበቅባቸው፣ ከጥቂት ገደቦች በስተቀር በሙያቸው ወሰን መድኃኒት እንዲያዝዙ ፈቅዷል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ነርስ ፕራክቲሽነሮችን፣ ክሊኒካል ነርስ ስፔሻሊስቶችን፣ አዋላጅ ነርሶችንና የማደንዘዣ ነርሶችን ይመለከታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘርፎች አዳዲስ ተመራቂዎች ራሳቸውን ችለው ከመሥራታቸው በፊት፣ ሐኪሞችና ነርሶች አብረው በሚያክሙበት ተቋም ቢያንስ 2,080 ሰዓት በትብብር ስምምነት እንዲሠሩ ይጠበቅባቸዋል። ይህም በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

ሕጉ ትክክል ነበር፤ ሊጠበቅም ይገባል። ሆኖም በሕጉ ላይ የተደረገው ክርክር በአንድ ጥያቄ ላይ ታጥሮ ቀርቷል፤ እርሱም በማዘዣው ላይ የሚፈርመው ማን ነው የሚለው ነው። ከፊርማው በኋላ ታካሚው ምን ሰማ፣ ምን ተረዳ፣ ቤቱ ገብቶስ ምን ዋጠ የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖሩ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪዎች የመድኃኒት ደኅንነት የሚወሰነው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ መድኃኒት ማዘዙ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያፈራቸው ጤና መኮንኖች፣ ሐኪም ባልደረሰባቸው ወረዳዎች ለዐሥርተ ዓመታት ሲያክሙና መድኃኒት ሲያዝዙ ኖረዋል። የሐኪሞች ማኅበራት የሥልጠናው ርዝመት ይለያያል ሲሉ የሚያነሡት ሥጋት መሠረት አለው፤ ልዩነቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ የስምምነት ወረቀት ሐኪሙን ወደ ምርመራ ክፍሉ አያስገባውም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አደጋዎችም ሐኪሙ ራሱ ቢያዝዝ የማይቀሩ ናቸው።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

ነርሷ መድኃኒቱ ጠዋት በ8 ሰዓት እንዲወሰድ ትነግራለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ ሁለት ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የያዘ ታካሚ ግን ስምንት ሰዓት ብሎ ከቀትር በኋላ ይወስደዋል፤ ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። «በስምንት ሰዓት» እና «በየስምንት ሰዓቱ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ያለውም ልዩነት ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ በቀን አንድ ፍሬ መዋጥንና ሦስት ፍሬ መዋጥን የሚለይ ነው። ለእናቱ የሚያስተረጉም የዐሥር ዓመት ልጅ ይህን ሊለይ አይችልም። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 ማስፈጸሚያ ደንብም፣ ከአስቸኳይ አደጋ በቀር፣ ሕፃናትን በአስተርጓሚነት መጠቀምን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጾም በማዘዣው ላይ አይታይም

ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በዐቢይ ጾም ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጎመን ሊያዘወትር ይችላል። ጎመን በቪታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ምግቡ ሲለወጥ ደግሞ ኃይሉ መልሶ ይጨምራል። ኢንሱሊን ወይም ግሊፒዛይድ ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ የረመዳን ጿሚም እንዲሁ። «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተጠየቀ ግን ታካሚው ራሱ አያነሣውም፤ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት አለው ብሎ አያስብምና።

«ጥቁር» የሚለው ቃል የሚሸፍነው

ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። አንዳንድ ሰዎች የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራራቢ ቅጂ ስላላቸው ለውጡ እጅግ ይፈጥናል፤ የተለመደው መጠንም ለእነርሱ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ያለ ተደራራቢ ዘረ መል ነበራቸው። በአንጻሩ በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ለጥቁር አሜሪካውያን የሚጠቀሰው ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው። በመዝገቡ ላይ «ጥቁር» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ኢትዮጵያዊ ታካሚ፣ የእርሱ ባልሆነ ቁጥር ይመዘናል።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና። ወላዶችን የሚከታተሉት አዋላጅ ነርሶች ይህን ማወቅ የሚጠቅማቸው ለዚህ ነው። ትውልድ ሀገር የዘረ መል ምርመራን አይተካም፤ ጥያቄውን የሚያስነሣ ፍንጭ ግን ነው።

ሚኒሶታ የመድኃኒት ቁጥጥር አላጣችም። ከ2021 ጀምሮ አዛዦች የኦፒዮይድ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ከማዘዛቸው በፊት የግዛቱን የመድኃኒት ክትትል መዝገብ እንዲመለከቱ በሕግ ይገደዳሉ። መዝገቡ ግን የሚያሳየው ከፋርማሲ የወጣውን ነው፤ ታካሚው መመሪያውን መረዳቱን አያሳይም።

ምን ይደረግ?

1. ምክር ቤቱ የ2014ቱን ሕግ ያጽና። የሐኪም ፊርማን መልሶ ማስገደድ ከላይ ከተነሡት ችግሮች አንዱንም አይፈታም፤ የነርስ ክሊኒክ ብቻ ባለባቸው ሠፈሮች ግን ወረፋውን ያረዝማል።

2. የነርሶች ቦርድ 2,080ውን ሰዓት በቁጥሩ ብቻ አይመዝን። በብቁ አስተርጓሚ ማከም፣ ስለ ጾምና ስለ ሰዓት አቆጣጠር መጠየቅ፣ ታካሚው መመሪያውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ማድረግ በልምምዱ ውስጥ ይካተቱ።

3. በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚለጠፈው መመሪያ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ኦሪገን በ2019 ባወጣችው ሕግ መሠረት ፋርማሲዎች ሲጠየቁ በ14 ቋንቋዎች መመሪያ ያቀርባሉ፤ አማርኛና ሶማሊኛም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሚኒሶታ ኦሮምኛንና ሕሞንግኛን ጨምራ ይህን ፈለግ ትከተል። ጊዜውም በሰዓት ቁጥር ሳይሆን «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ከመኝታ በፊት» ተብሎ ይገለጽ።

4. የትርጉሙ ወጪ በትናንሽ ፋርማሲዎች ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ግዛቱ በጀት ይመድብ። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ታካሚ በተሳሳተ መጠን ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ሲገባም የሚከፍለው ያው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

በምክር ቤቱ ረቂቅ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ስለ ነርሶች ሥልጣን የሚቀርብላቸውን እያንዳንዱን ማሻሻያ በአንድ ጥያቄ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ማሻሻያው ማዘዣውን ይዛ ወደ ቤቷ የምትገባው እናት መድኃኒቷን በትክክል እንድትወስድ ይረዳታልን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ስሙ የደኅንነት ማሻሻያ ቢሆንም ሥራው ሌላ ነው።