ስለሚቆራረጥ መስመርና ስለ አንድ ደብተር

የንግድ ሰው ቃሉን በሰዓቱ ካላደረሰ፣ ዕቃው ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ገዢው ወደ ሌላ ደጅ እንደሚያመራ የታወቀ ነው። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ሥራው የተጀመረው የአገራችን የመጀመሪያ ረጅም የቴሌፎን መስመር 477 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘ ነበር። እንግዲህ ስለ ሽቦ ማማረር ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም።

እኔ የሶፊ ተወላጅ ስሆን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በጀጎል ውስጥ ለአንድ ቡና ላኪ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሠሪዬ ቤት ግን የተገጠመው በ1998 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የሚገኘው በቴሌፎን በመደወል ነው፤ ሞደም የተባለው መሣሪያ የኮምፒዩተሩን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ለውጦ በሽቦው ይልካል፣ የመጣውንም ድምፅ መልሶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎ ቢት ነው ቢባልም፣ ባረጀ ሽቦ ላይ ከዚያ እጅግ ያንሳል። አንድ ሜጋ ባይት የሚሆን ሰነድ በሰከንድ 33 ኪሎ ቢት ለመላክ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሦስተኛው ደቂቃ ከተቋረጠ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው!

አንድ ቀን የጅዳ ገዢ የዋጋ መልስ እስከ ማታ ፈለገ። መስመሩ ሰባት ጊዜ ተቋረጠ። ደብዳቤው የደረሰው በማግሥቱ ሲሆን፣ ገዢው ከሌላ ሰው ጋር ተዋውሎ ነበር። አሠሪዬ ሐጂ አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ ሌባውን ሳታይ ጎረቤትህን አትክሰስ፤ መጀመሪያ ቤታችንን ፈትሽ» አሉኝ እንጂ። እኔ ግን ከሁለት ወር በላይ ጥፋቱን ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ ላይ ስጥል፣ ባለሙያም ተጠርቶ መጥቶ ምንም ሳያገኝ ሲመለስ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና በቤት ውስጥ የሚሠራውን ነገር መጻፍ ጀመርሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከመቋረጡ ግማሽ ያህሉ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የሚሆን ሲሆን፣ ይኸውም የቤቱ እመቤት በነደባው አጠገብ ያለውን ሁለተኛ ቴሌፎን የሚያነሡበት ሰዓት ነበር። መሣሪያው ሲነሣ ሞደሙ ድምፁ ተረብሾ ይቆማል። ጥፋቱ የእኛው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለመናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ሁለተኛውን ስልክ በሥራ ሰዓት ነቀልን፣ ሞደሙንም በረጅሙ ተቀጥሎ በዞረው ሽቦ ፈንታ ከመግቢያው ሳጥን አጠገብ በአጭር ገመድ አገናኘነው።

የቀረው ግማሽ ግን ዝናብ በዘነበ ማግሥት ብቻ ይታይ ነበር። ይህን ከደብተሩ ገልብጠን በጽሑፍ ባቀረብን በአምስተኛው ቀን፣ በመንገዱ ላይ ያለው የማገናኛ ሳጥን ተከፍቶ ውኃ የገባባቸው ሽቦዎች ተቆርጠው ታደሱ። ቀድሞ በቃል ያቀረብነው ስሞታ ያላመጣውን የደብተሩ ቅጂ አመጣው።

ዛሬ ብዙዎቻችን በሞባይልና በዋይፋይ እንሠራለን፤ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአገልግሎቱ ገብቷል። ቢሆንም በየሱቁ የምሰማው አቤቱታ ያው የድሮው ነው፤ «ኔትወርክ የለም» ይባላል፣ መቼና የት እንደሆነ ግን አይነገርም። ዋይፋዩ ሲደክም መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከመሣሪያው ጋር አገናኝቶ መሞከር ይገባል፤ በገመድ ደህና ከሆነ ችግሩ የጀጎል ወፍራም የድንጋይ ግንብ ወይም የመሣሪያው አቀማመጥ ሊሆን ይችላል። በገመድም ካልሆነ ችግሩ ከቤት ውጭ ያለ መሆኑ ይጠረጠራል።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤታችን አንድ ቀላል ቅጽ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው እላለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሰፈር፣ በገመድ ወይም በአየር፣ መብራት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ይህን ያህል ይበቃል። በየወሩ መጨረሻ ከየሱቁ የተሰበሰበው አንድ ላይ ተጠቃልሎ ለድርጅቶቹ ቢቀርብ፣ የአንድ ነጋዴ ስሞታ ሳይሆን የአንድ ሰፈር መዝገብ ይሆናል። የእኛ የ1998 ዓ.ም. ደብተር ለናሙና ቢፈለግ በእጄ ይገኛል፤ ዳሩ ግን ጥቂት ገጾቹ ቡና ፈሶባቸዋል።