ካሜራ ይዘው ውሃ ውስጥ የሚወርዱ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?



በየስልኩ የሚዞሩትን ቪዲዮዎች ሳታዩ አትቀሩም። አንድ ሰው የአየር ሲሊንደር በጀርባው አዝሎ፣ ሕፃን ልጅ የሚያክል ካሜራ ታቅፎ ወደ ባሕር ይወርዳል። ታች ደርሶ ጣት ከማታክል ዓሣ ፊት ሃያ ደቂቃ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ልደታ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ምን ጎድሎበት ነው?» ከዚያ ይሳቃል። ቀጥሎ «ሀብታም ነዋ!» ይባልና ወሬው ይዘጋል።

እኛ ግን ወሬው እንዲህ በቀላሉ መዘጋት ያለበት አይመስለንም። የሰው ሥራ በኒያው ነው የሚመዘነው ስንል የኖርን ሰዎች፣ የእነዚህን ሰዎች ኒያ ሳንጠይቅ መሳቃችን ተገቢ አይደለም። (ስለ ፎቶ ማንሳት ሑክም ዑለማዎች የተነጋገሩት ብዙ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ዛሬ አንገባበትም።)

ከመነሻው እንጀምር። በታሪክ የመጀመሪያው የሚባለው የውሃ ውስጥ ፎቶ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1856 እንግሊዝ አገር ዌይማውዝ አጠገብ ነው። ያነሳው ዊሊያም ቶምፕሰን የሚባል ጠበቃ ነበር። ይህ ሰው ጀብደኛ አልነበረም፤ ውሃ ውስጥም አልገባም። ማዕበል ድልድይ ሲመታ አይቶ «ከሥር ያለው ምሰሶ ምን ያህል ተጎድቶ ይሆን? ጠላቂ ሳይቀጠር ማየት አይቻልም?» ብሎ አሰበ። ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ከጀልባ ላይ በገመድ አወረደው። ሳጥኑ ውሃ አስገባ፤ ምስሉ ግን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ወጣ። የመጀመሪያው ሰው ኒያ እንግዲህ ይህ ነበር፦ የተሸሸገን ጉዳት ማየት።

ከእሱ በኋላ፣ በ1893፣ ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉዊ ቡታን ራሱ ጠልቆ አነሳ። ታች ያየው ነገር ስላስደነቀው ምስሉን ይዞ ለመውጣት ቆረጠ። አንዳንዱን ፎቶ ለማንሳት እስከ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበረበት። ግማሽ ሰዓት፣ ከባድ የጠላቂ ልብስ ለብሶ፣ ባሕር ወለል ላይ! ለታይታ የሚሠራ ሰው ይህን አይታገስም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የበለጠ የሚቀርበን ግን የሃንስ ሃስ ታሪክ ነው። ሃስ የቪየና ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1919። አገሩ ኦስትሪያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የባሕር በሯን ካጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ስለ ባሕር በር የሚወራውን ለባለቤቶቹ እንተወውና፣ ባሕር በሌላት አገር ያደገ ልጅ በዓለም ከታወቁት የውሃ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ቀዳሚው መሆኑን ብቻ ልብ በሉ። ሃስ የሕግ ተማሪ ሳለ በ1937 ደቡብ ፈረንሳይ ለዕረፍት ሄዶ፣ አንድ አሜሪካዊ ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ በጦር ሲወጋ አየ። እሱም ጦር አነሳ። ብዙም ሳይቆይ ጦሩ ላይ ካሜራ ጨመረ። በ1939 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ራሱ በጦርና በካሜራ ስለሚደረግ የውሃ ውስጥ አደን ይናገራል። ዓመታት ሲያልፉ ጦሩ ቀርቶ ካሜራው ብቻ ቀረ። ሕጉንም ትቶ የእንስሳት ጥናት ተማረ። ፖርት ሱዳን ድረስ መጥቶ ስለ ቀይ ባሕር የሠራው ፊልም በ1951 ቬኒስ ላይ ተሸለመ።

በጦርና በካሜራ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ትንሽ እንቆይ። ጦር የያዘ ሰው የሚያየው የሚወጋውን ብቻ ነው። ካሜራ የያዘ ሰው ያንኑ ዓሣ ይከታተላል፣ መቼ እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የት እንደሚተኛ ያውቃል። ሲወጣ ምስሉን ይዞ ይወጣል፤ ዓሣው እዚያው ይኖራል። አንድን ነገር ሳይወስዱ ይዞ መምጣት የሚቻልበት ሥራ ስንት አለ?

አሁን ወደ ዳህላክ እንሂድ። የዳህላክ ደሴቶችን የእስልምና ታሪክ የተማረ ሁሉ ያውቃቸዋል። በኡመያዎች ዘመን የግዞት ቦታ ነበሩ። በኋላም የራሳቸው ሱልጣኖች ነበሯቸው፤ በኩፊ ፊደል የተጻፉት የመቃብር ድንጋዮቻቸው ዛሬም የተመራማሪ ዓይን ይስባሉ። ባሕራቸው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በሉል የታወቀ ነው። አላህ በሱረቱ አን-ነሕል ከባሕር ለጋ ሥጋ እንደምንበላና ጌጥ እንደምናወጣ ያወሳውን ኒዕማ፣ የዳህላክ ጠላቂዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ወርደው ያወጡት ነበር። በቀይ ባሕርም ሆነ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ የሉል ጠላቂ ኑሮ የዕዳ ኑሮ ነበር። ከመርከቡ ባለቤት በቅድሚያ የተበደረውን ለመክፈል ይወርዳል፤ ሳይከፍለው ሌላ ይበደራል። ጆሮው ይጎዳል፣ ዓይኑ ይደክማል። የዚያን ባሕር ወለል ከእነሱ የበለጠ ያየ ሰው አልነበረም። ያዩት ነገር ግን አብሯቸው ተቀበረ። የሚጠይቃቸው የነበረው «ስንት ሉል አወጣህ?» እያለ እንጂ «ምን አየህ?» ብሎ አልነበረም።

ከዚያ በ1952 መጨረሻ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተቆራኘች በወራት ውስጥ፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን ጠላቂዎችና ተመራማሪዎች ቡድን ወደዚያው ባሕር መጣ። ፊልሙን የመራው ፎልኮ ክዊሊቺ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት ነው። በ1954 የወጣው ፊልም ስም በአማርኛ «ስድስተኛው አህጉር» ማለት ነው። በቀለም ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ረጅም የውሃ ውስጥ ፊልሞች አንዱ ነው። ዓለም የዳህላክን ባሕር በዚህ ፊልም አየ። ሱብሐነላህ! ለዘመናት በየዕለቱ የወረዱት ሰዎች ያዩት ለማንም ሳይደርስ፣ ለጥቂት ወራት የመጡት ያዩት ለዓለም ደረሰ። ጣሊያኖቹን ለመውቀስ አይደለም። ልዩነቱ አንዱ ለዕዳ፣ ሌላው ለማሳየት መውረዱ ላይ ነው ለማለት ነው።

«ማሳየት ብቻ ይህን ያህል ይስባል?» የሚል ይኖራል። የቀለሙን ነገር ስታውቁ ይገባችኋል። ውሃ ብርሃንን እየበላ ነው የሚያወርደው። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ አምስት ሜትር ገደማ ላይ መክሰም ይጀምራል። ከዚያ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ቢጫው ይሄዳል። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሁሉም ነገር ሰማያዊና ግራጫ ይሆናል፤ ጠላቂው ጣቱን ቢቆረጥ ደሙ እንኳ ቀይ አይመስለውም። ፎቶ አንሺው ግን መብራቱን ሲያበራ፣ ግራጫ የነበረው ድንጋይ በአንድ ጊዜ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ ይፈነዳል። ቀለሙ ድሮም እዚያው ነበር፤ ግን መብራት ይዞ የወረደ ካልኖረ ዓይን አያየውም። እስከዚያች ቅጽበት ያንን ድንጋይ በቀለሙ ከፈጣሪው በቀር ማን አየው? ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ደግሞ መውረዱ ምን ይገርማል።

ሌላም አለ። ውሃ ውስጥ ሁሉ ነገር ቀርቦና ገዝፎ ይታያል፤ ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው። ይህን የብርሃን መታጠፍ ከሺህ ዓመት በፊት በጥልቀት ያጠናው የባስራው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ነው። ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል ገብቶ ምስል እንደሚፈጥርም መርምሯል፤ የካሜራ መሠረቱ ይኸው ነው። የዓባይን ጎርፍ ሊገራ ወደ ግብፅ ሄዶ እንዳልተሳካለትም ይተረካል። የእኛው ውሃ ነበር እንግዲህ ያሸነፈው! ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» የሚለው ወንድማችን ካሜራው ውስጥ የማን ዕውቀት እንዳለ ይወቅ።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ጣናን ተመልከቱ። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ትልልቅ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ጣና ውስጥ መኖራቸውን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ለይተው ጽፈዋል። ባሕር ዳር ላይ ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ነው፤ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ገበያ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር! በርካቶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። መረብ ደግሞ እዚያው አፋፉ ላይ ይጠብቃቸዋል። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ከእኛ ስንቱ ሰማ? እንቦጭ ጣናን ሲወርር አገር ሁሉ ጮኸ፤ ከላይ የሚታይ ነዋ። ከሥር ያለቀው ግን ያለ ለቅሶ አለቀ። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ የምንቆረቆረው ምስላቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየን ነው። የእነዚህን ዓሣዎች ምስል ያየ ካለ፣ በአብዛኛው ጀልባ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ነው።

የሐረማያ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ሰው የነቃው ሐይቁ ደርቆ ከብት በወለሉ ላይ ሲሄድ ነው።

ሐቁን መደበቅ አይገባም። ጣና ከአፈሩ ብዛት የተነሳ ድፍርስ ነው፤ እዚያ ገብቶ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት ከባድ ነው። የመሣሪያው ዋጋም ቀልድ አይደለም። ኒያው የተበላሸም ሞልቷል። ለአንድ ላይክ ሲል እንስሳውን ከጎሬው የሚጎትት አለ። በ1956 ካን ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘው የኩስቶ ፊልም እንኳ ዓሣ ለመቁጠር ተብሎ ባሕር ውስጥ ድማሚት የሚፈነዳበት ትዕይንት አለው። ካሜራ መያዝ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርገውም።

ግን ደግሞ ከፉሪ ለቡ በሚነሳው ባቡር የምንደርስባትን ጅቡቲን እዩ። በክረምታቸው ወቅት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሚኒባስ የሚያክሉ፣ ሰው የማይነኩ ትልልቅ ዓሣ ነባሪ ሻርኮች ይመጣሉ። በእያንዳንዱ ጎን ላይ ያለው ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የተለያየ ነው። ሥነ ፈለክ አጥኚዎች ከዋክብትን የሚለዩበትን ስሌት ተውሰው፣ ተመራማሪዎች ሻርኮቹን ከፎቶ አንድ በአንድ ይለያሉ። ለመዝናናት የሄደ ሰው ያነሳው ፎቶ፣ ያ ሻርክ ዘንድሮም በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል። ሰውየው ሲወርድ ያሰበው ስለ ራሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከእሱ አልፎ ሄደ።

እንግዲህ ወላጆች ላይ ነው ነገሩ የሚያርፈው። በሰፈራችን ልጅ ዋና ልማር ካለ «ውሃ ይወስድሃል» ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በየክረምቱ የምንቀብረው አለ። ግን ውሃ በይበልጥ የሚወስደው ዋና የማያውቅ ልጅን ነው። ዋና የሚችል፣ ጭንብል አድርጎ ዓይኑን ውሃ ውስጥ መግለጥ የለመደ ልጅ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ይመጣል። ሃስም የመጀመሪያውን የካሜራ ሳጥን ራሱ ነው የሠራው። የባሕር ዳር፣ የዝዋይና የአርባ ምንጭ ዓሣ አጥማጆች ልጆች ደግሞ ከእኛ ከልደታ ልጆች ይልቅ ለዚህ ሥራ የቀረቡ ናቸው፤ አባቶቻቸው የዓሣውን መንገድና ወቅት ያውቁታል። እነዚያን አባቶች ሄዶ «ምን አያችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ሲሊንደርም ካሜራም አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ይቻላል።

ወላሁ አዕለም።