«ተመስገን» ቁጥር አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ውጡና እዩ። ባሕር ዛፉ መሀል አትሌቱ ሰዓቱን እያየ ይሮጣል፣ አሠልጣኙ ሰከንድ ይቆጥራል። ከኋላ ደግሞ የእኛ ቢጤው ስልኩ ላይ የእርምጃ ቁጥሩን እያየ ያዘግማል። 10 ሺህ ሲሞላለት ስክሪንሾት አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለጥፋል። እዚያ ተራራ ላይ ሁሉም ሰው እርምጃውን ይለካል።

አሁን ቁልቁል ወደ የካ ውረዱ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ካሉት ግቢዎች በአንዱ አንድ አባት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንዳረፈ ይንቀጠቀጣል። ከወንበር ለመነሳት ሁለት ሦስቴ ይሞክራሉ። የዛሬ ሦስት ዓመት ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው እንጦጦ ማርያምን ይሳለሙ ነበር። አምና ከሰፈሩ አስፋልት አላለፉም። ዘንድሮ ውሏቸው ከበረንዳው እስከ ግቢው በር ሆኗል። የእሳቸውን እርምጃ ግን የሚቆጥር የለም።

በስድስት ወር አንዴ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ። «አባባ፣ እንዴት ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ምስጋናው ደግ ነው፣ ያደግንበትም ነው። ችግሩ ሐኪሙ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ነገር አለማግኘቱ ነው። መድኃኒቱ ይጨመር? ይቀነስ? ሰዓቱ ይቀየር? «ተመስገን» ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ነገሩ ይሄ ነው፦ ፓርኪንሰን ዛሬ የሚያድነው መድኃኒት የለውም። ሕክምናው በሙሉ የቆመው በሽታው የት እንደደረሰ በማወቅ ላይ ነው። እኛ ቤት ደግሞ የሚጠፋው ይኸው ልኬት ነው።

ሐኪም በምን ይለካል?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታውን የገለጸበትን ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። የጻፈው ስለ ስድስት ሰዎች ሲሆን፣ ከመካከላቸው የተወሰኑትን ያገኛቸው ለንደን ጎዳና ላይ ነበር። መሣሪያው ዓይኑ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ ምክንያቱን ከሱ በተሻለ እናውቃለን። ከአንጎል ሥር ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቆይቶም ሚዛን ይጠፋል። ምልክቱ ለዓይን ሲታይ ብዙዎቹ ሕዋሳት ቀድመው ሄደዋል።

ታዲያ ደረጃውን የሚናገር የደም ምርመራ የለም እንዴ? የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ከበሽታው ጋር የተያያዘውን የተበላሸ ፕሮቲን በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ትልቅ ግኝት ነው። ግን «አለ» ወይም «የለም» ይላል እንጂ «እዚህ ደርሷል» አይልም። ሀብታም አገርም ሆነ እዚህ፣ ዋናው መለኪያ አሁንም የሰለጠነ ዓይን፣ ወንበርና ሰዓት ነው።

ሁለት መለኪያዎችን ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ሆን እና ያር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት ባለ አምስት ደረጃ መመዘኛ ነው። 1 ማለት ምልክቱ በአንድ ጎን ብቻ ነው። 2 በሁለቱም ጎን ነው፣ ሚዛን ግን አልተነካም። 3 ሚዛን ተነክቷል፣ ሰውየው ግን ራሱን ይችላል። 4 ከባድ ነው፣ ያም ሆኖ ያለ ድጋፍ መቆምና መራመድ ይቻላል። 5 ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ ወይም ከተሽከርካሪ ወንበር አለመነሳት ነው።

ሁለተኛው ዝርዝር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተሻሽሎ የወጣው ይህ መመዘኛ እንቅልፍን፣ ስሜትን፣ አለባበስን፣ አበላልን፣ የጣትና የእግር ፍጥነትን አንድ በአንድ ከ0 እስከ 4 ነጥብ እየሰጠ ይሄዳል። ከፍተኛው ድምር 260 ነው። በሥርዓት ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ወረፋው ደጅ በሞላበት የተመላላሽ ክፍል ግማሽ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ጠዋት ሌላ ሰው፣ ቀትር ላይ ሌላ ሰው

ወረፋው ባይኖር እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው። ወደ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። በሽታው እየቆየ ሲሄድ ግን የአንዱ ፍሬ ጉልበት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሆናል። አባባ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጠው 3 ሰዓት ላይ ቡናቸውን ራሳቸው ይጠጣሉ፤ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ቁልፋቸውን መቆለፍ ያቅታቸዋል። ሐኪሙ ያያቸው 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ጎበዝ ናቸው። 6 ሰዓት ላይ ከሆነ በጣም ተዳክመዋል። ሰውየው ግን አንድ ናቸው።

ጾም ሲመጣ ደግሞ ሰዓቱ በሙሉ ይዛወራል። መድኃኒቱን እስከ 9 ሰዓት ያቆዩ አባት በዚያን ቀን ረፋድ ላይ ቢለኩ የሚታየው የበሽታው መባባስ ሳይሆን የፍሬው መዘግየት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሌሊት፣ ጉንፋን፣ ሐዘን ቤት መዋል፣ ሁሉም ነጥቡን ያንቀሳቅሱታል። በሽታው በዓመት የሚጨምረው ጥቂት ነጥብ ሲሆን፣ አንድ መጥፎ ሌሊትም ያን ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ለክቶ «ባሰባቸው» ማለት ስህተት ነው። ትርጉም ያለው በተመሳሳይ ሰዓትና ሁኔታ ለወራት የተወሰደ ልኬት ነው።

ዳገቱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። እንጦጦ ማርያም መውጣት ያቃተው ሰው ጉልበቱን አሞት ወይም ልቡ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ያለው ባለ ስልክ

እዚህ ጋ ነው እናንተ የምትገቡት። ሐኪሙ በዓመት ሁለቴ ያያቸዋል፣ እናንተ በየቀኑ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ኤምፓወር የሚባል መተግበሪያ ወጥቶ ሰዎች በአይፎናቸው ጣታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ ድምፃቸውን እንዲቀዱ፣ እንዲራመዱ አድርጎ ነበር። ሺዎች ተመዘገቡ፣ አብዛኞቹ ግን ብዙም ሳይቆዩ መረጃ መላክ አቆሙ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ስልክ መለካት ይችላል፣ የሚከብደው መቀጠሉ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አትሞክሩት። በወር አንዴ ይበቃል። በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ።

አንደኛ፣ ወንበር። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። በስልኩ ሰከንዱን ያዙ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀበትን አረጋዊ ለመውደቅ የተጋለጠ ይለዋል። ሲሄዱ አጠገባቸው ቁሙ፣ አደራ።

ሁለተኛ፣ ወረቀት። ስማቸውንና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ፓርኪንሰን ፊደልን ያሳንሳል። የወራቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ይታያችኋል። መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ከመሀል ወደ ውጭ የሚዞር መስመር ይሳሉ።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮ። 30 ሰከንድ ሲራመዱ፣ 10 ሰከንድ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን እያገናኙ ሲለያዩ። አስፈቅዳችሁ ቅረጹ። ቪዲዮው ለሐኪም ነው፤ የአባት መንቀጥቀጥ የቲክቶክ ይዘት አይደለም።

አራተኛ፣ ውድቀት። በወር ስንቴ እንደወደቁ ጻፉ። ይህ ቁጥር በሽታውን እስከመለየት ሊደርስ ይችላል። ፓርኪንሰን የሚመስሉ ግን ፈጥነው የሚሄዱ ሕመሞች አሉ፤ ገና በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መውደቅና ለሌቮዶፓ ብዙም አለመመለስ የነሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው እጁ ስኒ ሲያነሳ እንጂ ዐርፎ ሲቀመጥ የማይንቀጠቀጥ ሰው ኢሴንሻል ትሬመር የሚባል ሌላ ችግር ሊኖርበት ይችላል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማስመለስ መድኃኒቶችም ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ስለዚህ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ ዘርዝራችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር፦ ቁጥሩን አይታችሁ መድኃኒት አትጨምሩ፣ በድንገትም አታቋርጡ። ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የእናንተ ሥራ መመዝገብ ነው፣ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

አገርስ ምን ይቁጠር?

ጉዳዩ ከአንድ ግቢ ያልፋል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር 60,820 ሰዎችን አካትቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። የፓርኪንሰን ስርጭት ከ100,000 ሰው 7 ሆኖ ተገኘ። በሌላ አነጋገር ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ወደ 4 ሰው ማለት ነው። ያኔ እስከ እርጅና የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ ፓርኪንሰን ደግሞ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ዕድሜ ረዝሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከፓርኪንሰን ጋር እንደሚኖርና ቁጥሩ በ25 ዓመት ውስጥ እጥፍ እንደሆነ ገምቷል። ያንን የቆየ ቁጥር ይዞ ለዛሬ የመድኃኒት ግዢ ማቀድ አይቻልም።

ራሳቸው የፓርኪንሰን ታማሚ የሆኑት ወ/ሮ ክብራ ከበደ የሕሙማን ድጋፍ ድርጅት መሥርተው ለዓመታት ሲወተውቱ የቆዩትም ይህ ሕመም «እርጅና ነው» ወይም «ልክፍት ነው» ተብሎ ቤት ተዘግቶበት እንዳይቀር ነው። የተደበቀ ሰው አይቆጠርም፣ ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በዕቅድ ውስጥ የለም።

መፍትሔው ሁሉ ውድ አይደለም። የጤና ጣቢያ ነርስ የደም ግፊት ለክታ ካርድ ላይ እንደምትጽፈው ሁሉ የወንበሩን ሰከንድና የወሩን ውድቀት መጻፍ ትችላለች። ወንበር አለ፣ ሰዓት አለ፣ 3 ሜትር ኮሪደር አይጠፋም። በክትትል ካርድ ላይ ለነዚህ ሁለት ቁጥሮች መስመር ቢኖር፣ ወደ ስፔሻሊስት የሚላከው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።

እስከዚያው ግን ከቤት እንጀምር። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባባ «ተመስገን» ይበሉ፣ ማንም አይከልክላቸው። እናንተ ከጎናቸው ሆናችሁ ስልካችሁን ክፈቱና «ዶክተር፣ ጥቅምት ላይ 14 ሰከንድ ነበር፣ አሁን 19 ሆኗል፤ በዚህ ወር ሁለቴ ወድቀዋል፤ ከቀትር በፊት ይደርቃሉ» በሉ። ያኔ ሐኪሙ የሚጽፈው ነገር ያገኛል።