የተከሰሰ ልጅን ማስመርመር ሰበብ ፍለጋ ነውን?



በዚህ ወር አምዳችን ብዙ ቤተሰብ በር ዘግቶ የሚያወራውን ጉዳይ እናነሳለን። ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ለየት ያለ ነው» እየተባለ ያደገ ወንድ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በወንጀል ተጠርጥሮ ይያዛል። ወላጆቹ ኦቲዝም ስለሚባለው ነገር የሚሰሙት ያኔ ነው። «ልጃችን በሐኪም ይታይልን» ለማለት ግን ያፍራሉ። ጎረቤቱ «ሰበብ ሲፈልጉለት ነው» ይላል፤ መርማሪውም «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ይላል። እውን ይህ ሰበብ ፍለጋ ነውን?

ኦቲዝም ሰው ካደገ በኋላ የሚይዘው በሽታ አይደለም። ከመጀመሪያው አብሮት ያለ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ንግግሩ የቀና፣ ትምህርቱን የገፋ ሰው ከሆነ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ማንም ሳያውቅለት ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሰው ዓይን አያይም፤ መርማሪው ይህን የውሸታም ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። የተነገረውን ቃል በቃል ይወስዳል፤ ሽሙጡና ማባበሉ አይገባውም። ጩኸትና ጥድፊያ ሲበዛበት ዝም ይላል፤ ወይም ነገሩ እንዲያልቅለት ሲል ብቻ ባልገባው ነገር «አዎ» ብሎ ይፈርማል። ኦቲዝም ወንጀለኛ ያደርጋል ማለታችን አይደለም። አይደለምም። የምንለው፣ ዳኛው በፊቱ የቆመውን ሰው በትክክል ሳያውቅ እንዳይፈርድ ነው።

በእንግሊዝ አገር የታየ አንድ ጉዳይ ይህን ያስረዳናል። ጋሪ ማኪነን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በአሜሪካ ጦር ኃይልና በናሳ 97 ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። እርሱ «ከሌላ ዓለም ስለሚመጡ በራሪ አካላት ማስረጃ ስፈልግ ነበር» አለ። አሜሪካ ተላልፎ እንዲሰጣት ጠየቀች። ዛሬ በኦቲዝም ውስጥ የሚጠቃለለው አስፐርገር ሲንድረም እንዳለበት በባለሙያ የተረጋገጠው በ2008፣ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ያኔ ሙግቱ ብዙ ርቆ ነበር። በ2009 ፍርድ ቤት አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። እናቱ ጃኒስ ሻርፕ ግን አልተወችም። በ2012 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬሳ ሜይ፣ ተላልፎ ቢሰጥ ራሱን የማጥፋቱ አደጋ ከፍተኛ ነው በማለት ትእዛዙን ሰረዙት። ከዚህ የምንረዳው የሐኪም ወረቀት በአንድ ቀን በር እንደማይከፍት፣ በዘገየ ቁጥርም መንገዱ እንደሚረዝም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕጉ ይህን በር አልዘጋም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቅርብ ዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 51፣ ተከሳሹ ለድርጊቱ ኃላፊ መሆኑ ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የልዩ አዋቂ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። ተከሳሹ ድርጊቱን የመረዳት ወይም ራሱን የመግዛት ችሎታ በፍጹም ካልነበረው አንቀጽ 48፣ ችሎታው የጎደለ ብቻ ከሆነ ቅጣት የሚያቀለው አንቀጽ 49 ይታያል። ኦቲዝም አለበት መባሉ ብቻውን ከሁለቱ አንዱን አያስገኝም፤ ውሳኔው የዳኛው ነው።

እንግዲህ ወላጆች ምን ያድርጉ? አንደኛ፣ ጠበቃው የምርመራውን ጥያቄ በጽሑፍና በጊዜ ያቅርብ። ጠበቃ የማቆም አቅም ከሌለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ፣ መንግሥት እንዲያቆምለት መጠየቅ በአንቀጽ 20 የተሰጠ መብት ነው። ሁለተኛ፣ የሕፃንነቱን ታሪክ ሰብስቡ። መቼ አፉን ፈታ? ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት ነበርን? በምን ድምፅ ይረበሽ ነበር? የክሊኒክ ካርዱ፣ የትምህርት ቤት ውጤቱ፣ የቀድሞ አስተማሪው ምስክርነት ሁሉ ይጠቅማል። አዋቂን የሚመረምር ሐኪም ዛሬ የሚያየውን ከልጅነቱ ጋር ማነጻጸር አለበትና፣ ከእናት የተሻለ አስረጂ አያገኝም። ሦስተኛ፣ ለልጁ መልስ አታስጠኑት፤ ለሐኪሙም የሚጎዳውን አትደብቁ። የተጋነነ ታሪክ እውነተኛውንም ያስጠረጥራል። አራተኛ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ መርማሪውም ሆነ የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ በአጭርና በግልጽ ቃል እንዲያናግሩት፣ መልሱንም እንዲጠብቁት በጠበቃው በኩል አስታውቁ።

ለጎረቤቱ የምንመልሰው ይህን ነው፦ የተበደለ ሰው ካለ ሐቁ በምርመራ አይሰረዝም፤ ወላጆችም እንዲሰረዝ አይጠይቁ። ልጃቸው ማን እንደሆነ ታውቆ ይፈረድ ማለት ግን ፍትሕን መርዳት እንጂ ሰበብ መፈለግ አይደለም።

በዚህ ፈተና ውስጥ ላላችሁ ቤተሰቦች አላህ ያግራላችሁ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።