ጨው የበላው ጫማና የናቅነው ሊስትሮ

እኛ የሚኒሶታና የቶሮንቶ ሐበሾች፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ጫማ ማጽዳት አናውቅም! በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሟሙቶ ስዌድ ጫማችን ውስጥ ይሰርጋል፤ ውሃው ሲደርቅ ነጭ መስመር ይቀራል። እኛስ? ቧንቧ ከፍተን እንዘፈዝፈዋለን፤ ማሞቂያ ላይ እናሰጣዋለን፤ እንደ ቋንጣ ሲደርቅ «ፎርጅድ ነው» ብለን እንጥለዋለን። የባሰበት ደግሞ ቀለም ይቀባዋል!

ነገሩ ግን ቀላል ነው። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ከማሞቂያ አርቆ ማድረቅ፤ ጨውን በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ፤ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ፣ በጨርቅ ነካ ነካ ማድረግ። መፈተግ የለም! ሲደርቅ እንደገና ብሩሽ።

የሚያሳፍረን ሌላ ነው። አዲስ አበባ እግራችንን ሳጥኑ ላይ ሰቅለን፣ ፊቱን እንኳ ሳናይ ሳንቲም ወርውረንለት የሄድነው ሊስትሮ፣ የትኛው ቆዳ ቀለም፣ የትኛው ብሩሽ ብቻ እንደሚፈልግ አይቶ ይለይ ነበር። እኛ «ሙያ የሌለው» አልነው። ዛሬ ጎንበስ ብለን ስንቦርሽ፣ ሙያ የሌለን እኛው መሆናችን ገባን። ሀገር ቤት ስንገባ እጁን እንጨብጠው፤ በሒሳቡም አንከራከረው።