የተናቀ ዜማ እንደ ገና ሲመረመር

ፍርድ መስጠት የችሎት ሥራ ብቻ አይደለም፤ በየቤታችንም በምግብ፥ በልብስና በዘፈን ላይ ሳይቀር በየቀኑ ይፈረዳል። ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ይግባኝ እንደሚባልበት ሁሉ፥ ልጆች «ያረጀ ነው»፥ ሽማግሎችም «ፍሬ የለውም» ብለው የጣሉት ዜማ እንደ ገና ሊደመጥ ይገባዋል። ስለዚህ ስለ አቶ ኃይሉ መርጊያ ሥራ ለተወደዱት አንባቢዎቻችን ጥቂት ልናስታውቅ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አቶ ኃይሉ በ1946 ዓ.ም. ተወልደው፥ በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ አኮርዲዮን መጫወትን በራሳቸው ትጋት ተማሩ። ኋላም ዋልያስ ከተባለው የሙዚቃ ጓድ ጋር በሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበረ፥ እንግዳው እስኪነጋ ከአዳራሹ አይወጣምና እነርሱም ሌሊቱን ሁሉ ይጫወቱ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ጓዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከተጫወተ በኋላ አቶ ኃይሉ በዚያው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. ብቻቸውን ሆነው አኮርዲዮኑን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን በየተራ ተጫውተው፥ ከበሮ መምታቱንም ለመኪና ሰጥተው አንድ ካሴት ቀረጹ።

በዚህ ካሴት ላይ የሚነሣው ክስ ሦስት ነው።

አንደኛው፥ ግጥም የለውም የሚል ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ቃል የሌለው ዘፈን ወጥ የሌለው እንጀራ ይመስለዋል። ነገር ግን ዋሽንትም ቃል የለውም፤ እረኛ በደጋው ብርድ ሲነፋ የሰማ ሰው ግን «ምን አለ?» ብሎ አይጠይቅም። ትዝታም ባቲም በቅኝታቸው ይናገራሉ፤ የአቶ ኃይሉም አኮርዲዮን ድምፁን እንደ ዘፋኝ ጉሮሮ ይስባል፥ ያንቀጠቅጣል።

ሁለተኛው፥ ከበሮው የመኪና ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ መኪና አይደክምም፥ አይሞቀውም፤ አንዳንዱም ዜማ ከልኩ በላይ ሲመላለስ እንደሚያሰለች አንክድም። ሆኖም ከበሮው ሳይለወጥ በላዩ የሚመላለሰው ጣት ይለወጣልና፥ ልናደምጥ የሚገባን ጣቱን ነው።

ሦስተኛው፥ ለስላሳ የሆቴል ዜማ ነው የሚል ነው። ለስላሳነት ግን ነውር አይደለም። ቤተ ሰብ ማታ በቡና ዙሪያ ሲጨዋወት የሰውን ንግግር የማይቀማ ዜማ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ መጮኽ ይቀላል፥ ዝግ ብሎ መደመጥ ግን ይከብዳል።

የዘመን ፈሊጥ እንደ ሹመት መቀመጫ ይዛወራል። ጎባችን የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ኋላ የዞኑ መቀመጫ ሮቤ ሆነች። መቀመጫው ስለ ተዛወረ ግን ከሳነቴ የሚወርደው ነፋስ አልተለወጠም፥ የጎባም መልካምነት አልጎደለም። የዜማም ነገር እንዲሁ ነው።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ በመኪናቸው ባኖሩት ኪቦርድ ጣታቸውን ያለማምዱ ነበር። ያን ካሴት ከባሕር ዳር ገዝቶ በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር መድረክ ተጫወቱ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ። ባዕድ ዋጋውን የነገረን ዕቃ ከገዛ ሣጥናችን የወጣ ነበረ።

እንግዲህ የቤት ባለቤቶች ሆይ፥ የአባቶችን ካሴት «ቦታ ያዘ» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት፥ አንድ ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር እስከ መጨረሻው አድምጡት። የማይረባ ቢሆን ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ። መልካም ቢሆን ግን የሠራው ሰው በሕይወት ሳለ ምስጋናውን ከአገሩ ሰው አፍ ይስማ፤ ለሞተ ሰው የሚሰጥ ምስጋና የሚያጽናናው የቀሩትን ብቻ ነውና።